የገባንበት ስምና የወጣንበት ስም



ነገሩን ያስነሳው አንድ ልጅ ነው። ማሻ ከምንኖረው ሦስት የትምህርት ቤት ጓደኛሞች መካከል የአንዳችን የበኩር ልጅ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ለጉዞ ሲዘጋጅ፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን ፍለጋ የአባቱን የቆርቆሮ ሣጥን ከፈተ። ከሣጥኑ ውስጥ የእሱ ያልሆኑ ሁለት ወረቀቶች አግኝቶ ይዟቸው ወጣ። አንደኛው ጠርዙ የተበላ የተማሪ መታወቂያ ነው፤ «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ይላል። ሁለተኛው በላስቲክ የተሸፈነ ዲግሪ ነው፤ «ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ» ይላል። ያን ዕለት ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሦስታችንም እዚያው ቤት ተሰብስበን ቡና እየጠጣን ነበር። ልጁ ወረቀቶቹን ከፊታችን አስቀመጠና «አባ፣ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው እንዴ የተማርከው?» ብሎ ጠየቀ።

ሳቅን። ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመታት በፊት ሌላ ሰው ጠይቆን ያውቃል፤ ያኔ አላሳቀንም ነበር። ልጁ መልስ ሲጠብቅ እኛ እርስ በርስ ተያየን። ያን ምሽት ለእሱ የነገርነውን ነው ዛሬ ለእናንተ የምንጽፈው። ልጆቻቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ለሚልኩ ወላጆችና ለሚላኩት ወጣቶች ጥቂት ይጠቅም ይሆናል ብለን እናስባለን።

ጥላ የነበረው ስም

ከማሻ የተነሳነው በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። ማሻን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ በሸካ ምድር በጎሬና በቴፒ መካከል ያለች፣ ደን የከበባት፣ ዝናብ የማይለያት ደጋ ናት። ከዚያ በፊት ማናችንም ከጅማ አልፈን አናውቅም። እናቶቻችን በሶ ቋጠሩልን፣ አባቶቻችን ማር በጀሪካን ሞልተው ሰጡን፣ የሠፈር ሽማግሌዎችም ዱዓ አድርገው ሸኙን።

ጉዞው ራሱ ትምህርት ነበር። በጌጫ፣ በቴፒ፣ በሚዛንና በቦንጋ አድርገን ጅማ ገባን። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዘን በሦስተኛው ቀን ሐይቁ ዳር ደረስን። የተመደብንበት ትምህርት ቤት ስሙ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከአንዱ የደቡብ ክልል ዞን ተነስተን የዚያው ክልል ርዕሰ ከተማ ለመግባት በአዲስ አበባ መዞራችን ያን ጊዜ አልገረመንም። የገረመን በኋላ ነው።

ደቡብ ዩኒቨርሲቲ እኛ ስንገባ ገና ልጅ ነበር። የተቋቋመው በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ከባዶ የተነሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአዋሳ እርሻ ኮሌጅ፣ የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና የዲላ የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተጣምረው ነው አንድ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ ስም፣ የራሱ ምሩቃንና የራሱ ኩራት ነበረው። ሦስቱን በአንድ ላይ ለመጥራት የአንዱን ከተማ ስም መስጠት ስለሚያስቸግር ይመስለናል ሁሉንም የሚያቅፍ ሰፊ ስም የተፈለገው። ከ50 በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት ክልል ደቡብ ይባል ስለነበር ዩኒቨርሲቲውም ደቡብ ተባለ።

ይህ ስም ለእኛ ለሩቅ አገር ልጆች ምን እንደነበር ዛሬ ለማስረዳት ይከብዳል። በመጀመሪያው ዓመት «ከየት ነው የመጣችሁት?» ሲሉን «ከማሻ» ስንል ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር። አንዱ «ድንበር ላይ ነው?» ይላል፤ ሌላው «ጋምቤላ ነው?» ይላል። እኛም ማስረዳቱ ሲሰለቸን «ደቡብ ነው» ብለን መመለስ ለመድን። ያኔ ጥያቄው ያበቃል። ደቡብ የሚለው ቃል ከጌዴኦው፣ ከወላይታው፣ ከጉራጌው፣ ከሲዳማውና ከካፋው ልጅ ጋር በአንድ ጥላ ሥር አስገባን። ግቢው በር ላይ ያለውን ጽሑፍ ባነበብን ቁጥር «እኛም አለንበት» እንል ነበር።

ወሬው ካፌ ደረሰ

ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለን፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ስሙ ሊቀየር ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እንደ ግቢ ወሬ ሁሉ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ቀድሞ የተማሪዎች ካፌ የደረሰው እሱ ነበር። ዲላ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ነው፣ የእኛው ደግሞ በከተማው ስም ሊጠራ ነው ተባለ። ወሬው እውነት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ደቡብ ዩኒቨርሲቲም ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

የተማሪው ስሜት አንድ ዓይነት አልነበረም። ግማሹ «ስም ዳቦ አይሆንም፤ ይልቅ ወጡን ያሻሽሉልን» እያለ ይቀልድ ነበር። ተመራቂዎቹ ስለ ወረቀታቸው ተጨነቁ፤ «ግሬዳችን በአንድ ስም፣ ዲግሪያችን በሌላ ስም ሊሆን ነው» አሉ። የዲላ ልጆች የራሳቸውን ስም በማግኘታቸው ደስ ቢላቸውም ከትልቁ ቤት መውጣታቸውን ሲያስቡ ቅር የሚላቸው ነበሩ። ከተማው ውስጥ ያደጉት ደግሞ በግልጽ ተደሰቱ።

እኛስ? እውነቱን እንናገርና እኛ ተቀየምን። ከዒሻ ሰላት በኋላ ዶርም ውስጥ ተቀምጠን የተነጋገርነውን እስከ ዛሬ እናስታውሰዋለን። «ደቡብ ሲባል ማሻ ውስጡ አለች። ሀዋሳ ሲባል ግን ሀዋሳ ብቻ ናት» አልን። አንዳችን ጭራሽ «ከእንግዲህ እንግዶች ነን ማለት ነው» አለ። ማንም አላባረረንም፤ አልጋችንም፣ ምግባችንም፣ መምህራኖቻችንም እነዚያው ነበሩ። ነገር ግን ሰው በስም ውስጥ ቤት ሠርቶ ከኖረ፣ ስሙ ሲነሳ ጣሪያው የተነሳ ይመስለዋል።

የይርጋለሙ ልጅ

ቅሬታችንን ለሳምንታት ስናመነዥክ የሰማን አንድ የክፍላችን ልጅ ነበር። የይርጋለም ልጅ ነው፤ ሲዳማ። ዝም ብሎ የሚያዳምጥ፣ ሲናገር ግን የሚጨርስ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከላይብረሪ ስንወጣ እንዲህ አለን፦

«እናንተ አገር ድሮ ሞቻ ይባል አልነበረም?»

ነበር አልነው። በእርግጥም አባቶቻችን በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር በሞቻ አውራጃ የተወለዱ ናቸው። ሞቻ ሌሎች ያወጡልን ስም ነው እንጂ እኛ ራሳችንን የምንጠራበት አልነበረም። የእኛ ስም ሸካ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መጀመሪያ ከካፋ ጋር በአንድ ዞን ተጣምረን በጋራ ስም ተጠራን፤ በኋላም ሸካ ዞን ተብለን ራሳችንን ቻልን። ሞቻ ቀርቶ ሸካ ሲባል ሽማግሌዎቻችን የተሰማቸውን ደስታ ልጆች ሆነን አይተናል።

«ታዲያ ያን ጊዜ ደስ ካላችሁ» አለ ልጁ፣ «ዛሬ እኛ ደስ ሲለን ምነው ከፋችሁ? ከተማዋን ስንት ዓመት ሙሉ አዋሳ እያሉ ሲጽፏት ኖሩ። በእኛ ቋንቋ ሀዋሳ ናት፤ ሰፊ ማለት ነው። ዛሬ ሀ ተመለሰች። ለእናንተ አንዲት ፊደል ናት፤ ለእናቴ ግን ቋንቋዋ ነው።»

መልስ አልነበረንም። ቂማችንን ተሸክመን ስንዞር የሌላውን ሰው ደስታ እየረገጥን መሆናችንን አላስተዋልንም ነበር። ይህ ሰው ስም አልቀማንም፤ የራሱን ነው መልሶ ያገኘው። ደቡብ የሚለውን ስም ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረብ ብለን መረመርነው። ለመሆኑ ደቡብ ለማን ነው ደቡብ? አቅጣጫ የሚታወቀው ከቆሙበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለቆመ ሰው ሀዋሳ ደቡብ ናት። ማሻ ላይ ለቆመ ሰው ግን ሀዋሳ ምሥራቅ ናት! በአዲስ አበባ ዞረን የመጣንበት ያ የሦስት ቀን መንገድ ትዝ አለንና ያኔ ነው የገረመን። እንደ ጥላ ያቀፈን ስም ከሩቅ የቆመ ሰው በጣቱ ጠቁሞ ያወጣልን ስም ነበር።

ይህም ሆኖ ሐዘናችን ፈጽሞ ጠፋ አንልም። ከእውነት ጋር አብሮ የሚኖር ሐዘን አለ። ቅሬታው ግን በዚያ ቀን ወጣልን፤ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ወረቀት ሁለት ስም

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ አገሩ ሁሉ የሁለት ሺውን ዓመት መግቢያ ሲጠባበቅ፣ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመረቅን። ስም ከስሜት አልፎ ከእንጀራ ጋር የሚነካካ መሆኑን ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመካከላችን አንዱ አንድ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ክፍት የሥራ ቦታ አይቶ ለመመዝገብ ሄደ። ማስረጃዎቹን በአንድ ፋይል አያይዞ አቀረበ፤ የመጀመሪያው ዓመት ግሬድ ሪፖርትና መታወቂያው ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ይላሉ፤ ጊዜያዊ ዲግሪው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ይላል። መዝጋቢው ወረቀቶቹን ደጋግሞ ገለባበጠና «ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርከው ወይስ አንዱ ፎርጂድ ነው?» አለው። ጓደኛችንም «ጋሼ፣ ያው አንድ ነው፤ ስሙ ተቀይሮ ነው» ብሎ ለማስረዳት ሞከረ። መዝጋቢው «እኔ በወሬ አልሠራም፤ ደብዳቤ አምጣ» ብሎ ፋይሉን መለሰለት።

በሰውየው ላይ አንፈርድም። በማያውቀው ነገር ላይ መፈረም ፈርቶ ይሆናል። ነገር ግን ከማሻ ሀዋሳ ሦስት ቀን መሄጃ፣ ሦስት ቀን መመለሻ ነው። የመሳፈሪያውን ገንዘብ ለማግኘት የጓደኛችን አባት ለልጃቸው ሠርግ ያስቀመጡትን ማር ሸጡ። ዩኒቨርሲቲው ሲደርስ ሬጅስትራር ቢሮ ያሉት ሠራተኞች በአክብሮት ተቀበሉት፤ ደቡብ ዩኒቨርሲቲና ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተቋም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤም በዚያው ቀን ጽፈው ማኅተም መትተው ሰጡት። ደብዳቤው አራት መስመር ነበር። ይዞ ሲመለስ ምዝገባው ተዘግቷል፤ ቦታው ተይዟል።

አባቱ ምንም አላሉም። በበነጋው ጠዋት ባዶዎቹን የማር እንስራዎች አጥበው ፀሐይ ላይ ሲደፉ ያያቸው ጓደኛችን ግን ያን ቀን አይረሳውም። ቆይቶ አላህ ሌላ በር ከፈተለት፤ መምህር ሆነ፤ ዛሬም መምህር ነው። የልጁ አባት እሱ ነው። ያቺ ባለ አራት መስመር ደብዳቤም እስከ ዛሬ እዚያው ሣጥን ውስጥ፣ ከዲግሪው ሥር ተቀምጣለች።

የዘይድ ሁለት ስም

ጓደኛችን ሥራውን ባጣበት ሰሞን ልቡ መርሮ ነበር። «የማውቀው ስም ተወሰደብኝ፣ አዲሱም ስም አላዳነኝም» ይል ነበር። የመስጊዳችን ኡስታዝ ይህን ሰምተው አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ አስቀመጡንና የዘይድን ታሪክ አነሱልን።

ዘይድ ኢብን ሓሪሣህ (ረ.ዐ.) በልጅነቱ ተማርኮ መካ የተሸጠ፣ ከእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) እጅ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የተላለፈ ልጅ ነበር። አባቱ ሓሪሣህ ሲፈልጉት ኖረው መካ ድረስ መጡ። ከአባትህ ጋር ሂድ ወይም እዚህ ቅር ተብሎ ምርጫ ሲሰጠው ከነቢዩ ጋር መኖርን መረጠ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጄ ነው ብለው በሰው ፊት አወጁለት፤ ሰዉም ዘይድ ኢብን ሙሐመድ እያለ ይጠራው ጀመር። ከዓመታት በኋላ ግን በሱረቱል አሕዛብ ልጆች በወላጅ አባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የሚያዝ መልእክት ወረደ። ዘይድም ወደ ቀድሞ ስሙ፣ ወደ ዘይድ ኢብን ሓሪሣህ ተመለሰ።

«እስቲ አስቡት ልጆቼ» አሉ ኡስታዛችን። «በምድር ላይ ዘይድ ኢብን ሙሐመድ ከመባል የሚበልጥ ስም አለ? ያ ስም ነው የተነሳለት። ፍቅሩ ግን ተነሳ? ሥራው ቀረ? አልቀረም። ጦር መርቷል፤ በሙእታ ዘመቻ ባንዲራውን እንደያዘ ሸሂድ ሆኗል። ከሰሐቦችም መካከል በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራ እሱ ብቻ ነው። የተነሳለት ስም እውነት ስላልነበረ ተነሳ፤ ያልተነሳለት ግን ሥራው ነው።»

ኡስታዛችን ይህን ሲሉ ስም ከንቱ ነው ማለታቸው አልነበረም። ልጅ ሲወለድ በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ የምናርደው፣ መልካም ስም የምናወጣለት ስም ክብር ስላለው ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ትርጉማቸው የማያምር ስሞችን ይቀይሩ ነበር፤ የስሪብ የተባለችው ከተማ መዲና የተባለችው በእሳቸው ነው። ነገር ግን የመዲና ሰዎች አንሷር የተባሉት ከተማቸው ስም ስለቀየረች አይደለም፤ ስደተኛን ተቀብለው ስላስጠጉ ነው።

እኛ የመጀመሪያ አይደለንም

ያን ምሽት ልጁ «ይህ የደረሰው በእናንተ ብቻ ነው?» ሲል ጠየቀን። አይደለም።

የአገራችን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት ተጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በንጉሡ ስም ገብተው በከተማዋ ስም የወጡ ስንት አሉ! በምሥራቅ የአገራችን ክፍል ዓለማያ ሲባል የኖረው የእርሻ ዩኒቨርሲቲ እኛ ስማችን በተቀየረበት ዘመን ሐረማያ ተባለ። እዚያም የተመለሰው የአካባቢው ሕዝብ ሐይቁንና ምድሩን የሚጠራበት ስም ነው። ሰዉ ዓለማያ ብሎ የጻፈው ቃል ሲታረም የይርጋለሙ ልጅ እናት ዓይነት ብዙ እናቶች ደስ ብሏቸው ይሆናል።

ከአገር ውጭም እንዲሁ ነው። ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1908 የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመሠረተ፤ በ1940 በንጉሥ ፉአድ ስም ተጠራ፤ ንጉሣዊው ሥርዓት ከወደቀ በኋላ በ1953 ካይሮ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በህንድ አሊጋር ከተማ ሰር ሰይድ አሕመድ ኻን ያቋቋሙት ትምህርት ቤት ደግሞ ከኮሌጅነት አድጎ እ.ኤ.አ. በ1920 የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ የሚለውን ስም አገኘ። ዘውድ ሲወድቅ የሚቀየር ስም አለ፤ ሕዝብ ቋንቋው ሲከበርለት የሚቀየር ስም አለ፤ ተቋም ሲያድግ የሚቀየርም አለ። ሦስቱን ለይቶ ማየት ደግ ነው። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት ወይ ለሁሉም ማጨብጨብ፣ ወይ ሁሉንም መርገም ይሆናል።

የቀረው የትኛው ነው?

የእኛው ታሪክ መጨረሻ ደግሞ ማናችንም ያልጠበቅነው ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. እኛም ከካፋ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከምዕራብ ኦሞ፣ ከዳውሮና ከኮንታ ሕዝብ ጋር ድምፅ ሰጠን፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የቀረው ክልል ለሁለት ሲከፈል፣ ደቡብ ብለን የምንጠራው ያ ትልቁ ክልል አበቃ።

አስቡት እንግዲህ! በ1998 ዓ.ም. «ዘላለም ይኖራል» ብለን ያለቀስንለት ሰፊ ስም ክልሉም ዩኒቨርሲቲውም ዛሬ የሉበትም። ጠባብ ነው ብለን የተቀየምነው ስም ግን ግቢው በር ላይ አለ። ከእኛ መካከል ይህን አይቶ «ያኔ የተከራከርነው ለምን ነበር?» ያለ ነበር። ሌላው ግን «ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፤ ለሌላው ሰው ጆሮ መስጠትን ተምረንበታል» አለ። ሁለተኛው አሳብ ይሻላል ብለን ተስማማን።

የእኛም አገር ስም ተከብሮ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ዩኔስኮ ደናችንን በባዮስፌር መዝገቡ ሲያሰፍር የጻፈው ሸካ ብሎ ነው። ክልላችን ግን ዛሬም በአቅጣጫ ነው የሚጠራው፤ ከደቡብ ወደ ደቡብ ምዕራብ ፈቀቅ አልን እንጂ የጠቋሚው ጣት ገና አልታጠፈም።

ልጁ የተመደበው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1999 ዓ.ም.፣ እኛ በተመረቅንበት ዓመት ሥራ የጀመረ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ከተሞች የተተከለ፣ የሁለቱንም ስም የያዘ ነው። ልጁ ወረቀቶቹን ወደ ሣጥኑ እየመለሰ «የሚዛንም የቴፒም ስም አለበት፤ የማሻ ግን የለበትም» አለ። በ1998 ዓ.ም. ዶርም ውስጥ የተናገርነውን ቃል በቃል ሲደግመው ሰማነው።

አባቱ ግን ያኔ እኛ የነበረንን መልስ አልሰጠውም። «ልጄ» አለው፣ «እኛ ሦስት ቀን ተጉዘን ያገኘነውን አንተ በግማሽ ቀን ታገኘዋለህ። ስምህን በሩ ላይ አትፈልገው፤ አንተ ይዘኸው ግባ። ከየት ነህ ሲሉህ እንደኛ ማሻን ደብቀህ በትልቅ ስም አትጠለል። ማሻ በል። አላውቃትም ካሉህ ንገራቸው። ጓደኛህም የአገሩን ስም ሲነግርህ አስተካክለህ መጥራትን ተማር።»

ለወላጆች የምንለው አንድ ነገር ነው፤ የልጆቻችሁን ማስረጃ ሁሉ፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ስም የመቀየር ሥልጣን በእጃቸው ላለ ወገኖች ደግሞ በአክብሮት የምናቀርበው ልመና አለን። ስም አማና ነው። ስትቀይሩት በስሙ የሚኖሩትን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ምክንያቱንም በግልጽ ንገሯቸው። ያቺን ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ደግሞ ተማሪው ሳይጠይቅ ከዲግሪው ጋር አያይዛችሁ ስጡት። ለእናንተ የአንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ ለአንድ የማሻ አባት ግን የሠርግ ማር ናት።

ልጁ በሳምንቱ ሄደ። አያቱ፣ ያ ማራቸውን የሸጡት ሽማግሌ፣ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አሉ። ትንሽ ጀሪካን ማር አስያዙትና ዱዓ አደረጉለት። ዩኒቨርሲቲው ማን እንደሚባል አልጠየቁም፤ «ሰዎቹ ደግ ናቸው?» ብቻ ነው ያሉት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በገቡበት በር በሰላም ያውጣልን። አሚን።